የጋሼ ኸይሩ ቁራጭ ሳሙና

ስልኬ ሲጮህ አራተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ፣ ዴስክ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበር። ጳጉሜን ስለሆነ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በአንድ እጄ ካቻቢቴ፣ በጥርሴ ሁለት ብሎን ይዣለሁ። የደወለው የጋሼ ኸይሩ የመጀመሪያ ልጅ ሰዒድ ነው። ሰዒድ ሲደውል በቀልድ ካልሆነ አይጀምርም፤ የዚያን ቀን ግን ቀልዱን ትቶ ስሜን ጠራ።

«ጋሽ ግርማ፣ አባባ...» አለ። «ሱብሒን ሰግዶ ጋደም እንዳለ ነው። ከዙህር በኋላ እንቀብረዋለን። እርስዎ ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ብዬ ነው።»

ብሎኖቹን ከአፌ አውጥቼ ኪሴ ከተትኳቸው። ከዴስኩ ሥር ግን ቶሎ አልወጣሁም። ከአፍንጫዬ በላይ፣ በወፍራም የአናጢ እርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል «በፊት ሁለት ዴስክ ነበርኩ» የሚል ተጽፏል። የጋሼ ኸይሩ እጅ ነው። ስንት ዓመት ሳነበው ኖሬ፣ የዚያን ዕለት እንባዬ በሁለቱም ጆሮዬ በኩል ወረደ።

ጋሼ ኸይሩ ምን አለሽ ተራ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጀርባ ጠባብ ቤት የነበረቻቸው አናጢ ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከዚያ ሁሉ የመዶሻ ጩኸት በላይ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ደጃቸው ላይ ቤት የሌለው በር፣ ግድግዳ የሌለው መስኮት፣ እግሩን ያጣ አልጋ ተደርድሮ ስለሚውል አላፊ አግዳሚው ይተርባቸዋል።

«ጋሼ ኸይሩ፣ ይሄን ሁሉ ውራጅ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ውራጅስ እኔ ነኝ!» ይላሉ። «እሱ ገና ወጣት ነው።»

የምራቸውን ነበር። ትናንት ተሰንጥቆ የመጣ ጣውላ ሲያዩ ፊታቸው ይጨፈግጋል። «ይሄን ዛሬ ቁም ሳጥን ብታደርገው ነገ ይጣመምብሃል። ያኛው አሮጌው መጣመሙን የጨረሰ ነው» ይሉኝ ነበር። ከዚያም ቀጠል አድርገው፣ «ዋንዛ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል። እኛ ደግሞ ለአንድ ቡፌ ብለን እንጥለዋለን፤ ቡፌውንም በአምስት ዓመቱ እንጥለዋለን። ወላሂ፣ ይሄ የጤና አይደለም» ይላሉ።

እንጨት ሲመረምሩ ማየት ደስ ይላል። በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አድርገው ያሸቱና «ዝግባ ነው፤ ዘይት ጠምቶታል» ይላሉ። ከዚያ ከተሰበረ ሬዲዮ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት ከዳር እስከ ዳር ያስኬዱበታል፤ ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ከተጣበቀ እዚያ ቦታ የተቀበረ ምስማር አለ። የወጣው ምስማር አይጣልም፤ በባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ተቃንቶ ጣሳ ውስጥ ይገባል። እርሳሳቸውን ግን ቀኑን ሙሉ ይፈልጉታል። ጆሯቸው ላይ ሰክተውት ነው። ጎረቤቶቻቸው እያዩ፣ ሆን ብለው አይነግሯቸውም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሳሙናቸው ነበር። ከደረት ኪሳቸው ቁራጭ የልብስ ሳሙና አይጠፋም። እያንዳንዱን ብሎን ከማሰራቸው በፊት ሳሙናው ላይ ይወጉትና ያዞሩታል፤ ስለዚህ ሳሙናው መቼም ቢሆን ወንፊት ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ለሚፈታው ሰው ነዋ! እንዳይዝግበት፣ እንዳይነክስበት።»

«ገና ሠርተው ሳይጨርሱ ስለሚፈታው ያስባሉ?»

«ታዲያ ማን ያስብለት? እኔን ዕድሜ ልኬን ያሠቃየኝ ማን መሰለህ? ከእኔ በፊት የነበረው አናጢ ነው። ምስማሩን እስከ አንገቱ ቀብሮ፣ በኮላ ለቅልቆ ሄደ። ስለ እኔ መች አሰበ?»

ኮላ አይወዱም። ሥራው የግድ ካላላቸው በቀር ቆርቆሮውን አይከፍቱትም። «በኮላ የተጋቡ ሲለያዩ አንዱ የሌላውን ቆዳ ይዞ ነው የሚሄደው» ይሉ ነበር።

እንከን አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም። ቁጡ ናቸው፤ ቀጠሯቸውም አይታመንም። ለሳምንት ያሉት ሥራ ወር ይፈጃል። አንዲት ለሠርግ የምትዘጋጅ ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ባለ መስታወት አዲስ ቁም ሳጥን ስታዝ፣ እቤት ያለው የት ሊገባ ነው ብለው ጠየቋት። የአያቷ ነው፤ ሊጥሉት ነው። «እሱን ሳላይ አንድ ምስማር አልመታም!» ብለው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ልጅቷ ተቆጥታ ሄደች። ከወር በኋላ እናትየዋ ብቻቸውን፣ አሮጌውን ቁም ሳጥን በጋሪ አስጭነው መጡ። ጋሼ ኸይሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ኳ ኳ አድርገው አዳመጡት።

እኔ መሳለሚያ አጠገብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀኝ ጥፋቴ ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ተማሪው በየዓመቱ ይጨምራል፣ ትምህርቱ በፈረቃ ነው፣ የተሰበረው ዴስክ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተከምሮ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ያኔ መርካቶ ውስጥ የቺፑድ ዕቃ እንደ ጉድ የሚቸበቸብበት ጊዜ ነው፤ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፈጥኖ የሚደርስ። እኔም ወጣት ነኝ፤ ሥራዬን ማሳየት እፈልጋለሁ። ዳይሬክተራችንን ወይዘሮ አስካለን አሳመንኩና አዲስ የቺፑድ ዴስክ ተገዛ። ለአሮጌው ክምር ቅጽ ሞልቼ፣ በዝርዝሩ ሁሉ ትይዩ «የማያገለግል» ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴው ፈረመ። እንጨቱ ለማገዶ ተብሎ በጨረታ ተሸጠ።

የገዙት ጋሼ ኸይሩ ናቸው። ከጋሪ ገፊዎቹ ጋር መጥተው ክምሩን አንድ ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ማነው የማያገለግል ያለው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

አንዱን ዴስክ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ለጠፉ። «እኔን እንደዚያ አላለኝም» ብለው ጭነታቸውን ቀጠሉ። ጋሪ ገፊዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን እንዳሳቀኝ ግን አላውቅም።

አዲሶቹን ዴስኮች ለመስከረም ብዬ መጋዘን አስገብቼ ቆለፍኩባቸው። ክረምቱ ከበደ። የመጋዘኑ አሸንዳ ተደፍኖ ውኃው ወደ ውስጥ ሲወርድ ከርሟል፤ እኔ ቁልፉን ኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሩን ስከፍት ዴስኮቹ ወተት ውስጥ እንደ ገባ ዳቦ አብጠዋል። አንዱን በእጄ ስይዘው ጠርዙ ተፈርፍሮ ቀረ። ትምህርት ሊጀመር ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረም።

ወይዘሮ አስካለ መጥተው አዩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«አቶ ግርማ» አሉ፣ «ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆች መሬት ላይ ሊቀመጡ ነው። መስከረም ላይ ወላጆቻቸው ሲመጡ ምን እንደምትላቸው አስብበት። እነሱ መሬት ከተቀመጡ አንተም እኔም ወንበር ላይ አንቀመጥም።»

ሌላ በጀት የለም። በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። እንጨቱ ተቃጥሎ እንዳለቀ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ቢሆንም እግሬ ወሰደኝ። ጋሼ ኸይሩ በር ላይ ተቀምጠው ምስማር ያቃናሉ።

«ጋሼ፣ ያ ከትምህርት ቤታችን የወሰዱት ማገዶ...»

«ማገዶ አልወሰድኩም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዴስክ ነው የገዛሁት።»

ተነሥተው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። እግሩ ለብቻ፣ መቀመጫው ለብቻ፣ መደገፊያው ለብቻ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። በየአንዱ ላይ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ በእርሳስ ተጽፏል። ጣውላ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልሸጡትም?»

«ደንበኛ እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«እንዳንተ የተሳሳተ ሰው። ይመጣል ብዬ ነበር፤ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ ግን አልገመትኩም።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ቆባቸውን አውልቀው አናታቸውን አከኩ። «የማያገለግል እንጨት የለም፤ ፈቺ ያጣ ነው ያለው። እሠራልሃለሁ። ግን አንተም ትሠራለህ። የፈረድክባቸው አንተ ነህ፤ አንተው ትፈታቸዋለህ።»

ከእንጨቱ ዋጋና ከእጅ ሥራቸው ሌላ አልጠየቁንም። ያበጠውን ቺፑድ ለማምጣት አንድ ጋሪ ላኩ። መሀሉ ያልረጠበውን ቆርጠው ለመምህራን ክፍል መደርደሪያ አደረጉት። የሚፈረፈረውን አንድ ጎረቤታቸው ለሰጋቱራ ምድጃ ሊወስድ ሲል ከለከሉት፤ «ኮላ አለበት፣ ጭሱ ሳንባ ይበላል» አሉ። የዝግባውንና የዋንዛውን ሰጋቱራ ግን በከረጢት ሞልተው ሰጡት።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ዘንድ መግባት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን አንድ የዛገ ብሎን በጉልበት ስታገል አናቱን በላሁት። ጋሼ ኸይሩ ካቻቢቴውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ጠላትህ ነው እንዴ? መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው።»

«ልፈታው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ! ትንሽ አጥብቀው፣ ከያዘው ዝገት ይላቀቃል፤ ከዚያ ፍታው። ስድብ ሰምቶ እሺ የሚል ብሎን አይቼ አላውቅም።»

እንዳሉት አደረግኩ። ብሎኑ ጭጭ የሚል ድምፅ አሰማና ተንቀሳቀሰ። ደስታዬን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ስንት ቅጽ ሞልቼ፣ ስንት ማኅተም መትቼ፣ በእጄ አንድ ነገር አስተካክዬ አላውቅም ነበር።

እኔ እፈታለሁ፣ እሳቸው ይመርጣሉ፣ መሥሪያ ጠረጴዛቸው ላይ ይልጋሉ፣ ይገጥማሉ። ከሦስት የተሰበረ ዴስክ ሁለት ደህና ይወጣል፤ አንዳንዴ ከሁለት አንድ። እያንዳንዱ ሲያልቅ ይገለብጡትና ሆዱ ላይ የቀድሞ ታሪኩን ይጽፉበታል። ለምን እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው፣ «ልጅ ዴስክ ሥር መግባት ይወዳል፤ ሲገባ የሚያነበው ይኑረው» አሉኝ።

ከክምሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለብቻው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የትምህርት ቤታችን የድሮ በር ነው፤ ብረት በር ሲገባለት ተነቅሎ ከዴስኮቹ ጋር የተጣለ፣ ወፍራም የዝግባ በር። ቁልፉ የነበረበት ቦታ ክብ ቀዳዳ አለው። እሱን ልፈታ ስጠጋ፣ «ተወው፤ እሱን አልመልስም፤ አስቤለታለሁ» አሉ።

ትምህርት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ከአንድ አንደኛ ክፍል በቀር ሁሉም ደርሷል። ለዚያ ክፍል የሚሆን እንጨት አለቀ። ጥሩው ሁሉ ገብቷል፤ የቀረው ምስጥ የበላው ነው። ጋሼ ኸይሩ ምስጥ የነካውን በልጅ ሥር አያስቀምጡም። ሲመሽ ተሰናብቼ ስወጣ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። «ሂድ ተኛ፤ ኢንሻአላህ» ብቻ አሉኝ።

በማግስቱ ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈዋል፣ ወላጆች አጥሩ ሥር ቆመዋል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወደ መሳለሚያ አቅጣጫ አያለሁ። ወይዘሮ አስካለ ከሩቅ ያዩኛል። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጋሪ በሕዝቡ መሀል «መንገድ! መንገድ!» እያለ መጣ። ከኋላ የሚገፉት ጋሼ ኸይሩ ራሳቸው ናቸው። ጋሪው ላይ ዝቅ ያሉ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና ገበታዎች ተጭነዋል። እንጨቱ ጠቁሮ በዘይት የተወዛ፣ በመጋዝ ምልክት የተተለተለ ወፍራም ዋንዛ ነው። የት እንዳየሁት ወዲያው አልገባኝም። አንዱን አውርጄ ስገለብጠው እንዲህ ይላል፦

«በፊት የኸይሩ መሥሪያ ጠረጴዛ ነበርኩ።»

መሥሪያ ጠረጴዛ ለአናጢ ምን እንደሆነ ሦስቱን ሳምንት አይቼዋለሁ። ያ ጠረጴዛ ሙያውን ካስተማሯቸው አናጢ የወረሱት፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ነው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ? እኔ ቆሜ መሥራት እችላለሁ። አንደኛ ክፍል ግን ቆሞ መጻፍ አይችልም።» ከዚያ ተቆጡ። «ምን ታፈጣለህ? ልጆቹ ሊገቡ ነው፤ ያዝ እንጂ!»

ያን ዓመት ጋሼ ኸይሩ የሠሩት የትምህርት ቤታችንን አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድመው ነበር። የቁልፉ ቀዳዳ እርሳስ እየዋጠባቸው ሲማረሩ ሰምቻለሁ። የሚገርመው፣ ያን ዓመት እርሳሳቸው ሲጠፋ እውነትም ጆሯቸው ላይ አልነበረም።

ልጆቹን ከመሬት፣ እኔን ከመባረር አድነዋል። ከዚያ የበለጠው ውለታቸው ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ሳይጠሩ ይመጡ ነበር። ከክፍል ክፍል እየዞርን የላላውን እናጠብቃለን፣ የተሰነጠቀውን እንለውጣለን። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲህ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ክምር ኖሮት አያውቅም። ዓይናቸው ሲደክም እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል፣ እኔ ዴስኩ ሥር እገባለሁ። የመጨረሻ በመጡበት ዓመት ካቻቢቴያቸውንና ግማሽ ሳሙናቸውን ሰጡኝ። ሳሙናው ሲያልቅ ሌላ ገዛሁ፤ ግን የእሳቸው እያልኩ ነው የምይዘው።

ለመሥሪያቸው ሌላ ጠረጴዛ ሲሠሩ በሩ ከበርሜሎቹ ላይ ጠፋ። የት እንደደረሰ ስንት ጊዜ ጠየቅኳቸው። «አለ፤ ሥራ ላይ ነው» ይሉኛል፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም።

ሰዒድ በደወለልኝ ዕለት፣ ለቀብሩ ሄጄ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ ሶላቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ምን አለሽ ተራ የዚያን ቀን መዶሻ አላነሣም፤ ሁሉም እዚያ ነበር። ሙስሊም በሣጥን አይቀበርም፤ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ በቃሬዛ ይወሰዳል፣ ቃሬዛው ለሚቀጥለው ሰው ወደ መስጊድ ይመለሳል። እኔም ተራዬ ደርሶ ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር አስገባሁ። ቀላል ሰው ነበሩ፤ እንጨቱ ከእሳቸው ይከብዳል።

አፈር ለብሰው ዱዓው ካበቃ በኋላ ሕዝቡ መበተን ጀመረ። ቃሬዛውን የሚመልሰው ፒካፕ አጭር ሆነና ቃሬዛው አልገባ አለ። ሰዒድ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ ወደ እኛ ዞረ።

«ቃሬዛውን አባባ ራሱ እንዲፈታ አድርጎ ነው የሠራው። ካቻቢቴ የያዘ ሰው አለ?»

ሁሉም ኪሱን ዳበሰ። የእኔ ከጠዋት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። ተንበረከክሁና የመጀመሪያውን ብሎን ያዝኩ። ስንት ዓመት ዝናብና ፀሐይ የወረደበት ነው፤ ዝጎ ነክሶ ይሆናል ብዬ መጀመሪያ ትንሽ አጠበቅኩት። ከዚያ ፈታሁት። ትናንት የታሰረ ይመስል ዞሮ መዳፌ ላይ ወደቀ። ጥርሱ መሀል ነጭ ነገር አለ፤ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት። ሳሙና ነው።

ጣውላውን ስገለብጠው በአንዱ ጫፍ በኩል ክብ ቀዳዳ በእንጨት ውታፍ ተደፍኗል። ከጎኑ በዚያ በተንጋደደ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«በፊት የትምህርት ቤት በር ነበርኩ።»

ሰዒድ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «አያውቁም ነበር እንዴ? ስንቱን ሰው አምጥቷል መሰልዎት» አለኝ። «የማያገለግል» ብዬ የጻፍኩበት ቅጽ፣ ፊርማዬ ሳይቀር፣ ዓይኔ ላይ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሲሸኝበት በኖረው እንጨት ላይ ነው የፈረድኩት፤ ዛሬ ደግሞ ራሳቸውን ሸኘንበት። ልቤ በምስጋና ሞልቶ፣ ምስጋናዬን የሚሰማኝ ሰው አፈር ውስጥ ነው። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ሰዒድም አብሮኝ አለቀሰ።

መስጊዱ ግቢ ደርሰን ቃሬዛውን መልሰን ገጠምነው። ሰዒድ ይይዝልኛል፣ እኔ አስራለሁ። ሳሙናዬን አውጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ወግቼ አዞርኳቸው። የመጨረሻውን አስሬ ካቻቢቴውን ሳነሣ፣ ሰዒድ ቃሬዛውን ነቅነቅ አድርጎ አየው።

«ትንሽ ጠበቅ አያደርጉትም፣ ጋሽ ግርማ?»

«ይበቃዋል» አልኩት። «የሚፈታው ሰው አለ።»